ልጄ እየተገለበጠ በሆዱ ይተኛል፣ ልመልሰው ወይስ ልተወው?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም እናቶች፣ ልጄ 5 ወሩ ነው ማሻአላህ፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በጀርባው አስተኝቼው ትንሽ ቆይቼ ሳየው ተገልብጦ ጉንጩን ፍራሹ ላይ ለጥፎ ነው ማገኘው፣ ሌሊት ስድስት ሰባቴ እየተነሳሁ ስመልሰው እሱም ያለቅሳል እኔም እንቅልፍ አጣሁ። እማ ደግሞ የጦሳ ተራራ ብርድ ይመታዋል ብላ በጋቢ ጥፍር አድርጋ ትጠቀልልብኛለች። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ አብሽሪ እቴ፣ ግራና ቀኝ ትራስ ደግፊው፣ አይዞርም።

መልስ (ኮምቦልቻ፣ ነርስ ነኝ)፦ ኧረ ትራሱ ይቅር! ፊቱ ላይ ከመጣ ያፍነዋል። እስከ 1 አመቱ ስታስተኚው ሁሌ በጀርባው ነው፣ ከዛ በራሱ ወደ ሆዱም ወደ ጀርባውም መዞር ከቻለ እንደተኛ ተይው፣ አንዱን ብቻ ከሆነ የሚችለው ግን መልሺው። መጠቅለሉ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፣ እጁ ታስሮ በሆዱ ከዞረ እንዴት ብሎ ቀና ይላል? ፍራሹ የሚሰምጥ ስፖንጅ እንዳይሆን፣ ጠንከር ያለና ሜዳ ይሁን፣ አጠገቡ ጋቢም አሻንጉሊትም አታድርጊ። ለብርዱ ልብስ ደርቢለት፣ ሲተኛ ኮፍያውን አውልቂ። ሙቀቱን ደረቱን ነክተሽ እይ፣ እጁማ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ ላብ ካለው በዝቶበታል ማለት ነው።

ጠያቂ፦ ተባረኪ እህቴ፣ ወደ ሁለቱም ይዞራል። አሁን ጋቢውን ከእማ እንዴት እንደምነጥቃት ነው ጭንቁ

መልስ፦ እሳቸው ይልበሱት ሃሃሃ