«ለአካባቢ ተስማሚ» ብዬ ከመለጠፌ በፊት ከየት ልጀምር?

ጀማሪዋ_ሳሙና
ሰላም ለሁላችሁ። ፈሳሽ ሳሙና (የእጅና የዕቃ) የምናመርት አራት ሰዎች ነን፣ ቢዝነሱ የኔ ነው። ሁለት ዓመት ሆነን ደህና እየሄደ ነው ግን አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል፣ በየወሩ የምናወጣው የፕላስቲክ ጠርሙስ ብዛት። ተደርድሮ ሳየው ይሄ ሁሉ መጨረሻው የት ነው እላለሁ። አሁን አንድ አቅራቢ መጥቶ «ባዮዲግሬደብል» (በራሱ የሚበሰብስ) ጠርሙስ አለኝ አለኝ፣ ዋጋው የድሮውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ሌብሉ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አድርገሽ «ለአካባቢ ተስማሚ» ብለሽ ጻፊ፣ ብትጨምሪም ሰው ይገዛል ነው የሚለኝ። ልቤ ፈልጎታል ኪሴ ግን ፈርቷል። በዚህ ስራ ያለፋችሁ ሰዎች፣ እውነት ከማሸጊያ ነው የሚጀመረው? ሰርተፊኬትስ ግድ ነው? ደግሞ ሰው በእውነት ጨምሮ ይከፍላል ወይ? አታባብሉኝ እሺ፣ ቁርጡን ንገሩኝ።

ቁጥር_ወዳድ
እህቴ ጠርሙሱን ለጊዜው ተይውና ውስጡን እይው። ፈሳሽ ሳሙና አብዛኛው ውሃ ነው፣ ስለዚህ አንቺ ውሃ እያሸግሽ በመኪና ስታዞሪ ነው የምትውይው ማለት ነው። ወፈር አድርገሽ (ኮንሰንትሬት) ሰርተሽ ገዢው ቤቱ ራሱ በውሃ ቢያቀጥነው ጠርሙሱም ካርቶኑም የመኪና ምልልሱም አብሮ ይቀንሳል፣ ለዛ ደግሞ ማንም ቅጠል መለጠፍ አያስፈልገውም።

ከዛ በፊት ግን ለኪ። የአንድ ወር መብራት፣ ነዳጅ፣ ውሃ፣ የገባ ጥሬ ዕቃ፣ የወጣ ምርት፣ የተደፋ። ደብተር ይበቃል፣ ሶፍትዌር ግዢ የሚልሽን አትስሚ። የካርበን ሂሳብ (አንድ ስራ ስንት አየር የሚያሞቅ ጋዝ እንደሚያስወጣ) የሚሰሩ ሰዎች በሦስት ይከፍሉታል፣ ስኮፕ 1 ራስሽ የምታቃጥዪው ነዳጅ፣ ስኮፕ 2 የምትገዢው ኤሌክትሪክ፣ ስኮፕ 3 ሌላው በሙሉ፣ ማለት ጥሬ ዕቃው ሲመረት ጀምሮ ደንበኛሽ እስኪጠቀምበትና እስኪጥለው ድረስ። ይሄ አከፋፈል ግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ከሚባለው መመሪያ ነው የመጣው፣ የመጀመሪያው እትም በፈረንጆች 2001 ወጣ። የሳሙና ሰው ስኮፕ 3 ላይ ምን እንደሚያገኝ ታውቂያለሽ? የሞቀ ውሃ! ደንበኛው ዕቃ ሲያጥብ ውሃ ለማሞቅ የሚያወጣው ኃይል ብዙ ጊዜ አንቺ ለማምረት ካወጣሽው ይበልጣል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሰራና አረፋው ቶሎ የሚለቅ ሳሙና ከሰራሽ ጠርሙስ ከመቀየር በላይ ሰራሽ ማለት ነው።

ሬይ አንደርሰንን ሰምተሽ ከሆነ፣ ኢንተርፌስ የሚባል የምንጣፍ ፋብሪካ መስራች ነበር፣ በ1994 ደንበኞች ለአካባቢ ምን ትሰራላችሁ እያሉ ሲጠይቁ ድርጅቱ መልስ አጣ። ከዛ ሰውየው ቆርጦ ተነሳ ግን መጀመሪያ የገባው ብክነት ላይ ነው፣ ከብክነት የተረፈው ብር ነው ሌላውን ስራ የደጎመው። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ፣ እኛ ብዙዎቻችን ውዱን ነገር አስቀድመን ገንዘቡ ሲያልቅ ግሪን አያዋጣም ብለን እንተወዋለን።

ማሸጊያ_ቤት_የሰራሁ
ከላይ ያለው ልክ ነው፣ ግን ስለ ጠርሙሱም መልስ ይገባታል። ማሸጊያ ፋብሪካ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ «ባዮዲግሬደብል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። መጀመሪያ የምትጠይቂው ከምን ነው የተሰራው ብለሽ ነው። ተራ ፕላስቲክ ላይ ማፍረሻ ኬሚካል ጨምረውበት ከሆነ (ኦክሶ ይሉታል) ወደ ብናኝ ነው እንጂ ወደ አፈር አይለወጥም፣ የአውሮፓ ህብረት ከ2021 ጀምሮ ገበያ ላይ እንዳይወጣ ከልክሎታል። ፒኤልኤ ከሆነ ደግሞ ከእህል ስታርች ወይ ከስኳር የሚሰራ ነው፣ ያ እውነት ነው፣ ግን የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ውስጥ ነው፣ ቆሻሻ መጣያ ወይ ወንዝ ውስጥ እንደማንኛውም ፕላስቲክ ቁጭ ይላል። አንቺ የምትሸጪበት ቦታ እንዲህ ያለ የኮምፖስት ጣቢያ ከሌለ እጥፍ የከፈልሽው ለስሙ ነው። ይባስ ብሎ ከተራው ፔት (የታሸገ ውሃ የሚሸጥበት ፕላስቲክ) ጠርሙስ ጋር ተቀላቅሎ ሪሳይክል ውስጥ ከገባ ያንንም ያበላሻል። ኢኤን 13432 የሚባለውን የኮምፖስት ደረጃ ያለፈበት የላብራቶሪ ወረቀት አለህ ወይ ብለሽ በጽሁፍ ጠይቂው፣ በቃል አይደለም።

በነጻ የምትሰሪው ነገር ልንገርሽ። ጥቁር ጠርሙስ አትጠቀሚ፣ በካርበን የጠቆረ ፕላስቲክ በብዙ መለያ ማሽኖች አይታይም። ፓምፑ ውስጥ የብረት ስፕሪንግ አለ፣ ሪሳይክል ላይ ራስ ምታት ነው፣ ስለዚህ ፓምፑን ለብቻ ሽጪው ወይ ያለውን ይጠቀም። ሌብሉ ጠርሙሱን ሙሉ የሚያለብስ አይሁን። ጠርሙሱ ራሱ ሳይሰበር ምን ያህል መቅጠን እንደሚችል አስፈትሺ፣ ይሄ ብቻውን ብዙ ፕላስቲክ ያተርፋል።

በነገራችን ላይ የጨርቅ ከረጢት ስጡ የሚሉ ይመጡብሻል። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ በ2011 ባወጣው ጥናት የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ጉዳቱ ከአንድ ጊዜ ፌስታል ጋር እኩል እንዲሆን 131 ጊዜ መያዝ አለበት፣ ያውም ፌስታሉ አንዴ ብቻ ተይዞ ተጣለ ተብሎ ነው። ስለዚህ ጥጥ ስለሆነ ብቻ ግሪን አይደለም፣ ቤቱ ስንት የማይያዝ የስጦታ ከረጢት እንዳለ እያንዳንዱ ሰው ራሱን ይጠይቅ ሃሃ

ተጠራጣሪው
እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ ግሪን ቢዝነስ ወሬ ነው። ግሪንዋሺንግ (ሳይሆኑ ለአካባቢ ተቆርቋሪ መምሰል) የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ መሰላችሁ፣ ጄይ ዌስተርቬልድ የሚባል ሰው በ1986 የጻፈው ስለ ሆቴል ፎጣ ነው፣ ሆቴሎች ፎጣችሁን ደግማችሁ ተጠቀሙ ተፈጥሮን አድኑ ይላሉ፣ የሚድነው የእጥበት ወጪያቸው ነው። ሰው ጨምሮ ይከፍላል ወይ ላልሽው ደግሞ ስትጠይቂው አዎ ይላል፣ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ርካሹን ያነሳል። እኔም ራሴ እንደዛ ነኝ፣ አልዋሽም።

ቁጥር_ወዳድ
@ተጠራጣሪው ሆቴሉ ውሃ መቆጠቡ እኮ ጥፋት አይደለም፣ ጥፋቱ ለኪሱ ያደረገውን ለተፈጥሮ ነው ማለቱ ነው። ወጪዬን ስለሚቀንስልኝ ነው ብሎ ቢናገር ማን ይጠላዋል?
ጀማሪዋ፣ ሌብሉ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ» አትጻፊ፣ ማረጋገጥ አትችይውም። «ይህ ጠርሙስ ከድሮው በዚህን ያህል ግራም ይቀላል» ብለሽ ጻፊ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት ይቻላል። የአውሮፓ ህብረትም ማስረጃ የሌለው «ግሪን» «ኢኮ» የሚል ጥቅል ቃል የሚከለክል ህግ በ2024 አውጥቷል፣ ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ ነው ስራ ላይ የሚውለው። ወደዛ ባትልኪም ትልልቅ ገዢዎች ነገ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ነው የሚመጡት።

ጀማሪዋ_ሳሙና
ኧረ እግዜር ይስጣችሁ፣ ሁለቴ አነበብኩት። ጠርሙስ ተቀብሎ መልሶ መሙላትስ? ማስያዣ አስይዤ ባዶውን ሲመልሱ ብሰጣቸው ብዬ አስቤ ነበር።

ባዶ_መላሽ
እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አንዴ ወድቄ ነው የተማርኩት ስለዚህ ስሚኝ። ሁሉ ነገር ስንቱ ይመለሳል የሚለው ላይ ነው። ከ100 ጠርሙስ በየዙሩ 90 ከተመለሰልሽ አንዱ ጠርሙስ በአማካይ 10 ጊዜ ይሰራል። 50 ብቻ ከተመለሰ ግን 2 ጊዜ ነው፣ እና ለመመላለስ ብለሽ ወፍራም ጠርሙስ ገዝተሽ ከነበረ ከበፊቱ የበለጠ ፕላስቲክ ጣልሽ ማለት ነው። እኔ ማስያዣውን ደንበኛ እንዳይሸሽ ብዬ አሳነስኩት፣ ሰው ለመመለስ አልደከመም፣ ጠርሙሴ በየቤቱ የውሃ መያዣ ሆኖ ቀረ 😂
ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነው፣ የተመለሰውን አለቅለቅ አድርጌ ሳይደርቅ ሞላሁ። ሳሙና ስለሆነ ጀርም አይዘውም ብዬ! ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሽታው ተቀየረ፣ ቀጠነ፣ ሰው መለሰብኝ። ውሃ ያለበት ሳሙና ውስጥ ባክቴሪያ ደህና አድርጎ ይራባል። አጥቢ፣ አድርቂ፣ ከዛ ሙዪ፣ ለዛ የሚሆን ቦታና ሰው ከሌለሽ ገና አትጀምሪው። ቢሮና ሆቴል ላይ በትልቅ ጀሪካን መጀመር ይሻላል፣ እዛ ባዶውን ራስሽ ስታደርሺ ይዘሽ ትመለሻለሽ።

ሰርተፊኬት ላልሽው በአጭሩ፣ አይኤስኦ 14001 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ ድርጅትሽ የአካባቢ አያያዝ አሰራር ነው እንጂ ሳሙናሽ ግሪን ነው አይልም፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አራት ሰው ሆናችሁ ገዢ ካልጠየቀሽ አሁን አትቸኩዪ፣ ደብተሩን ግን ያዢ፣ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

ጀማሪዋ_ሳሙና
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ደብተሩን ጀመርኩ፣ ትልቁ ብክነቴ ጭራሽ ያላሰብኩት ነው፣ ከአንድ ሽታ ወደ ሌላ ስንቀይር ጋኑን የምናጥብበት ውሃ! ከነሳሙናው ነው የምንደፋው፣ የከፈልንበትን ጥሬ ዕቃ ማለት ነው። አሁን ሽታ የሌለውን መጀመሪያ፣ ከዛ ቀለል ያለውን፣ ጠንካራውን መጨረሻ እያደረግን ነው፣ በመሃል የሚያስፈልገው እጥበት በጣም ቀነሰ። አቅራቢውን ወረቀቱን ላክልኝ አልኩት፣ እስካሁን ዝም ብሏል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የመጀመሪያውን እጣቢ ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ባች አስቀምጬ ብጠቀምበትስ?

ባዶ_መላሽ
ይቻላል፣ ግን በዛው ቀን ተጠቀሚበት፣ አታሳድሪው። የኔን ጠርሙስ ያበላሸው ያው የቆየ ቀጭን ሳሙና ነው፣ ሲቀጥን ፕሪዘርቫቲቩም (እንዳይበላሽ የሚጨመረው) አብሮ ይቀጥናላ። ስንት ሊትር እንደገባም ጻፊው፣ ያለዚያ የባቹ ውፍረት ይዛባብሻል።