ጭንቀት የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው? ከኪኒን በፊት የንግግር ሕክምና ይሰጥ በሚለው ላይ የተደረገ ክርክር

አስተባባሪ፦
ባለፈው ሳምንት የተነሣው ጥያቄ ሳይቋጭ ስለ ቀረ ዛሬ ለብቻው ቀርቧል። አንዱ ወገን እንዲህ ይላል፦ ጭንቀት ሕመም ሆኖበት ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው ከኪኒን በፊት ኮግኒቲቭ ቴራፒ፣ በእኛ አነጋገር የአስተሳሰብ ሕክምና፣ ማግኘት አለበት፤ ለዚህም ነርሶች ይሠልጥኑ። ሌላው ወገን ደግሞ «ይህ ኑሮ ለተመቻቸው አገሮች የተሠራ ነው፤ የእኛን ሰው ችግርህ ያለው ሐሳብህ ውስጥ ነው ማለት ስድብ ነው» ብሏል። በስም ፈንታ ሙያችሁን ወይም ያላችሁበትን ጻፉ።

ነርስ፣ ከወረዳ ጤና ጣቢያ፦
ስድብ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ቃሌን አላጥፍም። በጭንቀት የታመመ ሰው እኔ ዘንድ ሲመጣ «ተጨነቅሁ» አይልም። ጨጓራዬን ነው፣ ልቤ ይመታል፣ አናቴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ ነው የሚለው። ጥቂት ሲያወራ ልጁ በስደት ወጥቶ ድምፁ የጠፋበት አባት ሆኖ ይገኛል፤ ወይም የቤት ኪራይ የተጨመረባት እናት። ይህን ሰው አስቀምጬ «አስተሳሰብህን እናስተካክል» ልበለው? የጤፍ ዋጋ በአስተሳሰብ አይወርድም። ሕክምናው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ለወራት ይፈልጋል ይባላል፤ የቤት ሥራ አለው፣ የሚሞላ ሠንጠረዥ አለው። እኔን የሚጠብቀኝ ሰልፍ ከበሩ ውጭ ነው። ከተሰለፉትም ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦
ስለ ሰልፉ እውነትህን ነው ወንድሜ። ስለ ሕክምናው ግን የተጣላኸው ከሌላ ነገር ጋር ነው። «መልካም መልካሙን አስብ» ማለት የአስተሳሰብ ሕክምና አይደለም፤ እንዲያውም የተጨነቀን ሰው በዚህ ምክር ማጽናናት ብዙ ጊዜ አይጠቅመውም።

ነገሩን የጀመረው አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ። ዓመቶቹን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር እጽፋለሁ። ቤክ የሥነ ልቦና ትንተናን የጀመረው የፍሮይድ ተከታይ ነበር። አንዲት ታካሚ ስለ ግል ሕይወቷ ስትነግረው ትጨነቅ ነበር፤ እርሱም ጭንቀቷ ከምታወራው ነገር የመጣ መስሎት ነበር። ለካ እርሷ እያወራች በልቧ «አሰለቸሁት» ትል ኖሯል። ከወሬው ሥር በፍጥነት የሚያልፍ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ ሐሳብ አለ ማለት ነው፤ ስሜቱን የሚጎትተውም እርሱ ነው።

ጭንቀትን ቤክ በሁለት ሳህን ሚዛን ያስረዳል። በአንዱ ሳህን አደጋው ከልኩ በላይ ይገዝፋል፤ በሌላው የራስ አቅም ከልኩ በታች ያንሳል። አደጋ የለም አላለም። ኦክስፎርድ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ክላርክ ደግሞ በ1986 ፓኒክ የሚባለውን ድንገተኛ ድንጋጤ በአንድ ዙር አስረዳ፦ ልብ ይመታል፤ ሰውዬው «ልሞት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ በፍርሃቱ ልቡ የባሰ ይመታል፤ ይህም የፈራውን ያረጋግጥለታል። ሕክምናው ይህን ዙር መስበር ነው። የሚሰበረውም በምክር ሳይሆን በሙከራ ነው።

የታክሲ ሹፌር፣ አዲስ አበባ፦
እኅታችን ያለችውን በሥጋዬ ያየሁት እኔ ነኝ። ቀለበት መንገድ ላይ ሰው ጭኜ እየነዳሁ ልቤ ተነሣ። እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሼ አጠረ፤ ልብ ድካም ነው፣ ከነተሳፋሪዎቼ መገልበጤ ነው አልኩ። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ሁሉንም አወረድኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ የልብ ምርመራ ተደረገልኝ፤ ሦስቴም «ልብህ ደኅና ነው» ተባልኩ። ደስታው እስከ ማታ ይቆያል፤ ማታ «ምናልባት መሣሪያው አላየው ይሆናል» እላለሁ።

ቡና ተውኩ። ቡና የተወ ሰው እኛ ሠፈር እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ውኃ በፕላስቲክ ሳልይዝ መሪ አልጨብጥም፤ የምነዳውም የቀኙን ዳር ብቻ ይዤ ነው፤ እንደ ድንገት ቢመጣ ለመቆም። በኋላ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን «ተነሥና ሁለት ደቂቃ በፍጥነት ተንፍስ» አለኝ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያው ነገር መጣ፤ ድንዛዜው፣ የልቡ ምት፣ ዓይን መጨለሙ፣ ሁሉም። እዚያ ወንበር ላይ ሳቄ መጣ። አንድ ዓመት ሙሉ የሸሸሁትን ነገር በገዛ ትንፋሼ አመጣሁታ!

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ከመነሣቴ በፊት በወረቀት እጽፋለሁ፦ «በግራው መስመር ብነዳ ራሴን የምስት ይመስለኛል፤ ከመቶ 80»። ውኃው ቤት ይቀራል። ነድቼ ስመለስ የሆነውን እጽፋለሁ። ስምንት ጊዜ ተመላለስኩ። አሁን ቡናዬን እጠጣለሁ። የነዳጅ ሰልፉ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ለእርሱ ሕክምና አልተገኘለትም።

ከኩዌት የተመለስኩ፣ ደሴ፦
እንኳን ዳንክ ወንድሜ። ግን የዳንከው ልብህ ቀድሞውኑ ጤነኛ ስለ ነበረ አይደለም? አንተ የፈራኸው የሌለ ነገር ነው። እኔ ሰው ቤት ስሠራ ፓስፖርቴ ከአሠሪዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ በሩም ከውጭ ይቆለፋል። ሌሊት ኮቴ ስሰማ የምደነግጠው አደጋ አግዝፌ ነበር? አቅሜን አሳንሼ ነበር? የጤና ጣቢያውን ነርስ ንግግር የምደግፈው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ፍርሃት ትክክል ነው።

አሁን እናቴ ቤት ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ሌሊት ወንድሜ ውኃ ሊጠጣ ሲነሣ እኔ ተነሥቼ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። ይህንንስ ምን ትሉታላችሁ?

የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦
እኅቴ፣ ያኔ አላገዘፍሽውም። አደጋው በልኩ የሚታይ አደጋ ነበር። በተቆለፈ ቤት ያለችን ሴት «አስተሳሰብሽ ነው» የሚላት ባለሙያ ካለ ነርሱ እንዳለው ሰድቧታል፤ ለእርሷ የሚያስፈልጋት መውጫ ነው።

የአሁኑ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዋ አንኬ ኤለርስና ያው ክላርክ በ2000 ያቀረቡት ማብራሪያ ያንቺን ሌሊት የሚመስል ነው፦ ትዝታው «ያኔ» ተብሎ ቦታ ስላልያዘ አደጋው አሁንም ያለ ሆኖ ይሰማል። ኮቴው የወንድምሽ ነው፤ ሰውነትሽ ግን የሚሰማው ያንን ቤት ነው። ሕክምናው ታሪኩን ከባለሙያ ጋር ቀስ ብሎ እየተረኩ ያኔንና አሁንን መለየት ነው፤ የዚህ ኮቴ ከዚያኛው በምን ይለያል እስከ ማለት ድረስ። ፍርሃትሽ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም። ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው።

ሐኪም፣ የአእምሮ ሕክምና በመማር ላይ ያለሁ፦
ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሁለተኛው ባለሙያዋን አያስደስታትም።

መጀመሪያ ስለ ኪኒን። ጤና ጣቢያ ላይ ለጭንቀት ቶሎ እጅ የሚገባው ዳያዜፓም ነው። በግማሽ ሰዓት ያረጋጋል፤ ለሳምንታት ከተወሰደ ደግሞ ሱስ ሊሆን ይችላል። እነ ፍሉኦክሰቲን ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃሉ፣ ብዙ ሰውም ይረዳሉ። ስለዚህ ኪኒን ሁሉ አንድ ተደርጎ አይወገዝ። በ2000 (እኔም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የታተመው የእነ ዴቪድ ባርሎ ጥናት 312 የፓኒክ ታማሚዎችን ይዞ የንግግሩን ሕክምናና ኢሚፕራሚን የሚባለውን መድኃኒት አነጻጽሮ ነበር። ሕክምናው እየተሰጠ ሳለ ሁለቱም ሠሩ። ሕክምናው ከቆመ ከስድስት ወር በኋላ ግን መድኃኒት ያልተቀላቀለበት የንግግር ሕክምና የተሻለ ጸንቶ ተገኘ። ሹፌሩ የተማረው ነገር ከእርሱ ጋር ቀርቷል፤ ኪኒን ሲያቆሙት ይቆማል።

ሁለተኛው፦ የሚፈውሰው ሐሳብን መመርመሩ መሆኑ ገና አልለየለትም። ጆሴፍ ዎልፒ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ሰውን ከፈራው ነገር ጋር ቀስ በቀስ እያለማመደ ማከሙን በ1958 ሲጽፍ ስለ ሐሳብ ሙግት አልጨነቀውም። በ2007 ጥናቶቹን የገመገሙ ሁለት ተመራማሪዎችም ሐሳብን መሞገት ፍርሃትን ፊት ለፊት ከመጋፈጥ በላይ ብዙ ጨምሮ አላገኙትም። እንግዲህ ነርሳችን ሠንጠረዡን አይፍራው። ሊቀር የሚችለው እርሱ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦
አላስደሰቱኝም ዶክተር! ሹፌሩ ውኃውን በጉያው ይዞ አንድ ዓመት ሙሉ ነድቷል፤ ከመንገዱ ጋር ሲጋፈጥ ነበር፤ አልዳነም። በየቀኑ «የተረፍኩት በውኃው ነው» ይል ነበርና። ልማዱን ጥሎ ሲነዳ ነው የፈራው እንደማይሆን ያየው። መንገዱ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

ዲያቆን፣ ጎንደር፦
በዝምታ ሳነብ ቆየሁ። ሕዝባችን ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት ጠበል ይሄዳል፣ የነፍስ አባቱን ያማክራል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ባለሙያ ገና ሳይጀምር ታካሚውን ያጣዋል። ስለ ሐሳብም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ለነገሩ እንግዳ አይደለችም፤ መነኮሳቱ ክፉ ሐሳብ ሲመጣ እንዴት እንደሚታይና እንደሚታለፍ ከብዙ ዘመን በፊት ጽፈዋል።

ግን የሹፌሩ ውኃ አንድ ነገር አስታወሰኝ። አንዲት እናት ጠበል በፕላስቲክ ሳትይዝ ከደጅ አትወጣም። ስትረሳው ከመንገድ ትመለሳለች፤ ገበያ ሳትደርስ የቀረችበት ቀን ብዙ ነው። ይህ እምነት ነው ወይስ የሹፌሩ ዓይነት ልማድ? እናንተ ውኃውን ጣዪ ብትሏት እኔ እቃወማለሁ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦
ጣዪ አልላትም። የምጠይቃት አንድ ነገር ነው፦ «ብትረሺው ምን ይደርስብሻል?» «እግዚአብሔር ያውቃል» ካለችኝ ከእምነቷ ጋር ምንም የለኝም። «መንገድ ላይ ወድቄ እሞታለሁ» ካለችኝ ግን ጠበሉ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል፤ ያን ጊዜ እርስዎን ይዤ ባነጋግራት ከእኔ ይልቅ የምትሰማው እርስዎን ነው።

አስተርጓሚ፣ ለንደን፦
እንግሊዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ይህን ሕክምና በመንግሥት ወጪ በሰፊው ዘርግታዋለች። ሐሳቡን የገፉት ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ሌያርድና ከላይ የተጠቀሰው ክላርክ ናቸው፤ ክርክራቸውም ሰው ሲድን ወደ ሥራ ስለሚመለስ ወጪው ራሱን ይከፍላል የሚል ነበር። ብዙ ሰው ጠቅሟል። በመለኪያው ዳኑ የሚባሉት ግን ሕክምናውን ካጠናቀቁት ግማሽ አካባቢ ናቸው፤ ሌላው ግማሽስ?

እኔ የማየው በቃሉ ላይ ያለውን ችግር ነው። ታካሚው የሚሞላው የጭንቀት መጠይቅ ሰባት ጥያቄ አለው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ተጨነቅህ ይላል። በአማርኛ ጭንቀት ውስጥም አለ፣ ውጭም አለ። «ጭንቅ ላይ ነኝ» ያለ ሰው ስለ ስሜቱ አይደለም የሚነግረኝ፤ ስለ ደረሰበት ነገር ነው። ስለዚህ የጥገኝነት ማመልከቻው ሳይመለስ የቀረ ልጅ «በጣም ብዙ» ይላል፤ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ባለሙያው ስለ ሐሳቡ ይጠይቀዋል፤ ልጁ ደብዳቤውን ያወጣል። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፣ ሁለቱም አይግባቡም፣ እኔ መካከል ላይ እቀመጣለሁ። ለደሴዋ እኅት የተባለውን «ያኔ» እና «አሁን» መለየት እዚያ ክፍል ውስጥ ቀድሞ የሚጠየቅ ሰው ቢኖር ኖሮ!

ሐኪም፣ የአእምሮ ሕክምና በመማር ላይ ያለሁ፦
ስለ አቅም ሐራሬን እዩ። ዚምባብዌ ውስጥ ከ2006 ጀምሮ ጎልማሳ ሴት አያቶች ሠልጥነው ከጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ያነጋግራሉ። ሕመሙን የሚጠሩት በራሳቸው ቃል ነው፤ «ኩፉንጊሲሳ»፣ አብዝቶ ማሰብ። እኛስ «ሐሳብ በላኝ» እንል የለም? በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰው ይዞ የተደረገው ጥናት በ2016 ወጥቷል፤ ውጤቱ ጥሩ ነበር። ሐቁን ለመናገር የሚሰጡት የአስተሳሰብ ሕክምና ሳይሆን ችግርን ለይቶ የመፍታት ምክር ነው፤ ለኪራዩና ለጤፉ ምናልባት እርሱ ይቀርባል።

ነርስ፣ ከወረዳ ጤና ጣቢያ፦
የሐራሬውን ሰምቻለሁ፤ ለኪራዩ እርሱን እመርጣለሁ። አግዳሚ ወንበሩ ግን ለእኛ አይሆንም። እኛ ግቢ ከነርስ ጋር ግማሽ ሰዓት የተቀመጠች ሴት ወሬዋ ከእርሷ ቀድሞ ቤቷ ይገባል። እኔ የምሠራበት ክፍል ሁለት ጠረጴዛና አንድ መጋረጃ አለው። ሥልጠናው ሲታሰብ በር ያለው ክፍልም አብሮ ይታሰብ፤ ያለ እርሱ የሚሠለጥን ነርስ ምስክር ወረቀት ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ክርክሩን ካነበብኩ በኋላ ግን ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር አደረግሁ። በየወሩ «ልቤን» እያለች የምትመጣ ሴት አለች። ካርዷ ላይ ስምንት ጊዜ ጨጓራ ብዬ ጽፌላታለሁ። ዛሬ ከመጻፌ በፊት «ልብሽ ሲመታ ምን ይሆናል ብለሽ ትፈሪያለሽ?» አልኳት። ዝም አለችና «እናቴ እንዲህ ብላ ነው በተቀመጠችበት የሞተችው» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት አላወቅሁም፤ ከመጋረጃው ማዶም ሰው ነበር። ለሐሙስ ቀጠርኳትና ቀጣዩን ጠራሁ።