እናቴም አክስቴም በጡት ካንሰር አረፉ፤ እኔ ከየት ልጀምር?

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ሲገኝባት 43 ዓመቷ ነበር፤ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣፍታ «ብርድ ነው» እያለች ስምንት ወር ደብቃናለች። ታናሽ እህቷም በ39 ዓመቷ በዚሁ በሽታ አረፈች።

ባለፈው ወር አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ የቤተሰቤን ታሪክ ሳልጨርስ «እብጠት ከሌለሽ ምን አስጨነቀሽ? 40 ሲሞላሽ ነይ» ብሎ ሸኘኝ። ያነበብኩት ግን ሌላ ነው፦ ቢ አር ሲ ኤ 1 ወይም 2 (BRCA1/2) በሚባሉት፣ ሰውነትን ከካንሰር በሚከላከሉ ጂኖች ላይ በዘር የሚተላለፍ ጎጂ ለውጥ ያለባት ሴት በሕይወት ዘመኗ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ60 በመቶ በላይ ነው፤ ክትትሏም ከ40 በፊት ይጀመራል። ለውጡ ከአባትም ይወረሳል (ይህንን ለወንድሜ ብነግረው ሳቀብኝ፤ እሱም ሴት ልጅ አለችው)።

አደጋውን ለመቀነስ በእጄ ያለውን አድርጌያለሁ። ሁለቱንም ልጆቼን ከዓመት በላይ አጥብቻለሁ፤ ጠላም ቢራም ትቻለሁ፤ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። በዘር የመጣ ከሆነ ግን ይህ ብቻውን አይበቃኝም።

የጂን ምርመራውን እዚህ ያደረገች እህት አለች? ናሙናው ወደ ውጭ አገር ከተላከ ስንት አስከፈላችሁ? ውጤቱንስ ቁጭ ብሎ ያስረዳችሁ ባለሙያ ነበር? በእኔ ዕድሜ ጡት ጥቅጥቅ ስለሚል ማሞግራም (የጡት ራጅ) ብቻውን ካንሰሩ ሊያመልጠው ይችላል ይባላል፤ ታዲያ አልትራሳውንድ ላስጨምር ወይስ ኤም አር አይ ልጠይቅ? የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሌንስ ልተው?

«ጸበል ሂጂ» ለምትሉኝ፣ እሱን አላቋረጥኩም።