በአዳማ ሙቀት የአኳሪየም ውሃ እንዴት ላቀዝቅዝ?

አዳማ ውስጥ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። ግንቦት ከገባ ወዲህ ውሃው ጠዋት 25፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሙቅ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ወርቃማ ዓሦቼ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ፤ ትልቁማ ክንፉን አጣጥፎ ጥግ ይዟል። ሳየው አንጀቴን ይበላዋል።

መጀመሪያ ውሃ ሞልቼ ያቀዘቀዝኳቸውን ሁለት ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙሶች ከተትሁበት። ሙቀቱ 3 ዲግሪ ወረደ፤ በረዶው ሲቀልጥ ተመልሶ ወጣ፤ በማግስቱ አንዷ ሞታ አገኘኋት። የሙቀቱ መዋዠቅ ራሱ የጎዳት ይመስለኛል።

ከዚያ ክዳኑን አንስቼ ትንሽ ቬንትሌተር በውሃው ገጽ ላይ እንዲነፍስ አደረግሁ። ይህ በእርግጥ ይሠራል፤ 28 ላይ ያቆየዋል። ነገር ግን ውሃው ቶሎ ይተንናል፤ ማዕድኑ ግን ውስጡ እየቀረ ስለሚጠራቀም በቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞሉ መቀጠል አይቻልም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቬንትሌተሩም የአየር ፓምፑም አብረው ይቆማሉ።

ያለኝ 2,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ፣ መብራት ለሁለትና ሦስት ሰዓት ቢጠፋም እንኳ ውሃውን ሳይዋዥቅ ከ26 ዲግሪ በታች ለማቆየት ምን ላድርግ?