ካይሮ ያላችሁ፣ የመብራት ካርድ ነገር ግራ ገብቶኛል

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዳየቅ አል መዓዲ ነው። የቤቱ መብራት ቅድሚያ ተከፍሎ በካርድ የሚሞላ ነው። ችግሩ፣ ሱቅ አስሞልቼ መጥቼ ካርዱን ቆጣሪው ላይ ስሰካው የሚያሳየኝ ሒሳብ ከከፈልኩት በጣም ያንሳል። ባለፈው 300 ፓውንድ አስሞልቼ ግማሹ እንኳ አልገባም።

በዋቡ (የሕንፃው ዘበኛ) «ከእናንተ በፊት የነበሩት ዕዳ ትተው ነው የሄዱት» ይለኛል። አከራዬ ግን «እንጀራ የምትጋግሪበት ምጣድ ነው» ብለው ስልኩን ይዘጉታል። ምጣድ መብራት እንደሚበላ አውቃለሁ፤ እዚህ አገር ደግሞ የወሩ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የኪሎዋቱም ዋጋ ይጨምራል። ግን ገና ካርዱን ስሰካ፣ ምንም ሳልጋግር የሚጎድለውስ?

እባካችሁ፣ የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ። የቆየ ዕዳ መኖሩን ቆጣሪው ላይ ማየት ይቻላል? ወይስ መብራት ኃይል ቢሮ መሄድ አለብኝ? ቆጣሪው በአከራዬ ስም ስለሆነ፣ ፓስፖርትና የኪራይ ውል ብይዝ ያነጋግሩኛል? ዕዳው የሌላ ሰው ከሆነስ ከኪራዩ ላይ እንዲቀነስልኝ አከራዬን እንዴት ልጠይቃቸው? መጣላት አልፈልግም፤ ልጆቼ ፈተና ላይ ናቸው፣ አሁን ቤት መቀየር አልችልም።