የአላታ ድልድይን ማን ሠራው? ታፔላ ቢተከል ማን ይጻፍበት?

ጠያቂው፦ ጢስ ዓባይ ፏፏቴውን ለማየት ስትሄዱ የምትሻገሯት የአላታ የድንጋይ ድልድይ አለች አይደል፣ አስጎብኚው ሁሉ "የፖርቱጋል ድልድይ" ብሎ ያልፋታል። እኔ ታፔላ ይተከልና የግንበኞቹ ነገር ይጻፍ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የጢስ ዓባይ ልጅ፦ ምን አጠፋ ስሙ? ከልጅነታችን የምናውቃት በሱ ነው፣ ቱሪስቱም ለምዶታል። ፖርቱጋሎቹ ባይመጡ አትሠራም ነበር ደሞ።

ጠያቂው፦ ቆይ እንጂ ወንድሜ። በፈረንጆች 1626 አካባቢ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ነው የተሠራችው። ድንጋይ የሚያያይዘው ኖራ የሚሠራበትን ድንጋይ በ1624 ያገኘው ከህንድ የመጣ ሰው መሆኑን የጻፈው ራሱ የካቶሊክ ቄስ የነበረው ጄስዊቱ አልሜዳ ነው። ታዲያ ከህንድ የመጣውን ማን ያነሳዋል?

ግንበኛ ነኝ፦ እኔ በሙያዬ ልናገር። ኖራ ማለት ድንጋዩን እቶን ከተህ ቀንና ሌት ታነደዋለህ፣ ከዛ ውሃ ስታፈስበት እየጨሰ እየፈላ ይፈርሳል፣ ከአሸዋ ጋር ታቦካዋለህ። ለዛ እቶን እንጨት የቆረጠው ማነው፣ ድንጋዩን የተሸከመው፣ ውሃውን የቀዳው? ቅስቱ ደግሞ ከስር የእንጨት ድጋፍ ይሠራለታል፣ ከግራም ከቀኝም እኩል እየደረደርክ ትመጣና መሃል ላይ የመጨረሻዋ ድንጋይ ካልገባች ድጋፉን ንክች አታደርገውም፣ ካነሳኸው ሁሉም ወንዝ ይገባል። ሲሄዱ ከላይ ፎቶ ተነስተው ከሚመለሱ ዝቅ ብለው ቅስቱን ቀና ብለው ይዩት። ይሄን ሁሉ ቄሶቹ በእጃቸው ሠሩት ብሎ የሚያምን ሰው ድንጋይ አንስቶ አያውቅም።

የባሕር ዳሯ፦ ጎንደርንም እኮ ፖርቱጋል ሠራው ይላሉ! አፄ ፋሲል ጄስዊቶቹን ካባረሩ በኋላ ነው በፈረንጆች 1636 ጎንደርን የቆረቆሩት። እዛ ከሠሩት መሃል ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ግንበኞችና አናጢዎች አሉበት፣ ከነገሥታቱ ማዕረግና መሬት ያገኙም ነበሩባቸው። በኋላ ግን ሕዝቡ ርስት ተከልክሎ፣ ብረት ስለቀጠቀጠ "ቡዳ" እየተባለ ኖረ። ግንቡን አለም ቅርስ ብሎ በፈረንጆች 1979 መዘገበው፣ እኛ በቤተ መንግሥቱ እንኮራለን የሠሪዎቹን ስም ግን አንጠራም፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦ እህቴ ተረድቼሻለሁ፣ ግን ይሄ ነገር እኛ ሠራን እነሱ ሠሩ ወደሚል ጭቅጭቅ እንዳይወስደን ነው የምፈራው፣ ያለንበትን ጊዜ ታውቂዋለሽ።

የባሕር ዳሯ፦ ጭቅጭቅ የሚያመጣውማ መደበቁ ነው። ከህንድ የመጣውም ይጻፍ፣ ጄስዊቶቹም ይጻፉ፣ የሀገሬው ግንበኛም ይጻፍ። ማንም አይቀነስ።

ጠያቂው፦ በትክክል። አስጎብኚዎች ካላችሁ እዚህ፣ ታፔላው እስኪተከል ድረስ እናንተ በአፋችሁ ጀምሩት።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦ እሺ ታፔላውን እስማማለሁ፣ ስሙን ግን እኛ ሰፈር አታስቀይሩንም።