«ሊበራል» እዚህ አገር ምን ማለት ነው? የአሜሪካ መንግሥት ኮርስ የወሰዳችሁ እርዱኝ

የሌሊት ፈረቃ (ጠያቂ፣ ሜሪላንድ)፦

ሰላም ወገኖች። ማታ ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፣ ቀን ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ። በዚህ ሴሚስተር «የአሜሪካ መንግሥት» የሚለውን ኮርስ ይዣለሁ። ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ። ሦስት ነገር አልገባ ብሎኛል።

አንደኛው «ሊበራል» የሚለው ቃል ነው። አገር ቤት በቴሌቪዥን «ኒዮሊበራል» ሲባል የምሰማው እንደ ወቀሳ ነበር። መንግሥት ከገበያው እጁን ያውጣ የሚል ሰው ማለት ነው ብዬ ያዝኩት። እዚህ አጭር ፈተና ላይ ያንኑ ብጽፍ ዜሮ ተሰጠኝ። መምህሩ ጎኑ ላይ «ተቃራኒው ነው» ብሎ ጽፎበታል።

ሁለተኛው ፖል የሚሉት፣ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ነው። አንድ ሺህ ሰው ጠይቀው ከ300 ሚሊዮን በላይ ስለሆነ ሕዝብ ያወራሉ። እኔንም ሆነ የማውቀውን ሰው ማንም ጠይቆ አያውቅም። እንዴት ይታመናል?

ሦስተኛው የማዲሰን «ፌዴራሊስት ቁጥር 10» ነው፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ ለማሳመን ከተጻፉት ተከታታይ ጽሑፎች አንዱ። ዓረፍተ ነገሩ ከመርዘሙ የተነሣ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል። የገባው ሰው በቀላል አማርኛ ያስረዳኝ፣ እባካችሁ።

የቀድሞ መምህር፦

እህቴ፣ አይዞሽ። አገር ቤት ሲቪክስ አስተምር ነበር። እዚህ ስመጣ እኔንም ይኸው ቃል ነው ያምታታኝ። የጻፍሽው በሌላ አገር ቢሆን ትክክል ነበር።

ቃሉ ዞሯል። መጀመሪያ ሊበራል ማለት የግለሰብ መብት ከመንግሥት ይቀድማል የሚል ሰው ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሕይወት፣ ነፃነትና ንብረት የሰው የተፈጥሮ መብቶች ናቸው አለ። መንግሥት የሚቆመው እነዚህን ለመጠበቅ ነው፣ ያውም በሕዝብ ፈቃድ። ጄፈርሰን በ1776 የነፃነት አዋጁን ሲጽፍ ሐሳቡን ከዚያ ወሰደ። «ንብረት» በሚለው ፈንታ ግን «ደስታን መሻት» አለ። በዚህ በጥንቱ ትርጉም ከሄድን የዛሬው ዴሞክራትም ሪፐብሊካንም የሊበራሊዝም ልጅ ነው። ፈተና ላይ «ክላሲካል ሊበራሊዝም» ካለሽ ይህን ነው።

ከዚያ በ1929 የአክሲዮን ገበያው ወደቀ፣ ሚሊዮኖች ሥራ ፈቱ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1933 ፕሬዚዳንት ሆነና መንግሥት ኢኮኖሚውን የሚያነሣበትን፣ ኒው ዲል የተባለውን ዕቅድ ጀመረ። በየደመወዝሽ የሚቆረጠው ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የጡረታው ማለት ነው፣ በ1935 የወጣ የዚያ ዘመን ሕግ ነው። የሩዝቬልት ሰዎች ራሳቸውን ሊበራል አሉ። ለእነሱ የሚርበው ሰው ነፃ አይደለም፤ ስለዚህ መንግሥት ከድህነትም ሊጠብቀው ይገባል። እዚህ አገር ቃሉ ከዚያ ወዲህ ይህን ትርጉም ይዞ ቀረ። በአውሮፓና በእኛ አገር ግን የገበያው ትርጉም አልለቀቀውም።

ለፈተናው ሁለት ጥያቄ ብቻ ያዢ። መንግሥት ኢኮኖሚው ውስጥ ይግባ ወይ? በሰው የግል ሕይወትና ሥነ ምግባርስ ይግባ ወይ? ሊበራል ለመጀመሪያው አዎ፣ ለሁለተኛው አይ ይላል። ወግ አጥባቂ፣ ኮንሰርቫቲቭ የሚሉት፣ የዚህ ግልባጭ ነው። ለሁለቱም አይ የሚለው ሊበርታሪያን ነው። ለሁለቱም አዎ የሚለውን አንዳንድ መጽሐፍ ፖፑሊስት፣ አንዳንዱ ኮሚዩኒታሪያን ይለዋል። የአንቺ መጽሐፍ የትኛውን እንደሚል እይ። ወረቀት ላይ አራት ሳጥን ሥሪና የምታውቂያቸውን ሰዎች አስገቢ። ሁሉም በልኩ አይገባም፣ ግን በዚህ መንገድ ይያዝልሻል።

ከእህል በረንዳ፦

ፖሉን ለእኔ ተዉልኝ። አዲስ አበባ እህል በረንዳ አድጌ እዚህ ስታቲስቲክስ ተማርኩ።

ጤፍ የሚገዛ ሰው ጆንያውን ሙሉ አይዘረግፍም። ግን ብልህ ገዢ ከአፉ ብቻ ዘግኖ አይሄድም፤ ነጋዴው ጥሩውን ላይ ላዩን ሊያደርገው ይችላላ! ከሥርም ከጎንም ያወጣል። ፖልም እንደዚሁ ነው። ዋናው ጥያቄ ስንት ሰው ተጠየቀ ሳይሆን ማን የመጠየቅ ዕድል ነበረው የሚለው ነው።

በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የሚባል መጽሔት ለፕሬዚዳንትነት ማንን ትመርጣላችሁ የሚል ወረቀት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መለሱለት። ሩዝቬልት ይሸነፋል፣ ተፎካካሪው ላንደን ያሸንፋል ብሎ አወጣ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ! መጽሔቱ ስሞቹን የሰበሰበው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን ነው? የመለሱትም የበለጠ የተቆጡት ናቸው። ፖል የሚሠራው ጆርጅ ጋሎፕ ግን በጣም ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

በዕጣ የተመረጠ አንድ ሺህ ሰው ካለ ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 በመቶ አካባቢ ነው። የሕዝቡ ብዛት 3 ሚሊዮንም ሆነ 300 ሚሊዮን፣ ይህ ቁጥር እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ አንዱ ዕጩ 48፣ ሌላው 46 ቢሆን ማን እንደሚመራ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ይቺን ፈተና ላይ ይወዷታል። ደግሞ የጥያቄውን አነጋገር እዪ። «ለድሆች እርዳታ» እና «ዌልፌር» (ያው የመንግሥት ድጎማ) ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በጣም ይለያያል።

የሌሊት ፈረቃ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከነታሪኩ ገባኝ። እናቴን አራተኛው ሳጥን ውስጥ አስገባኋት፤ ሜዲኬይድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚከፍለው ሕክምና፣ እንዳይነካ ትላለች፣ ሥነ ምግባር ላይ ግን ፍጹም ወግ አጥባቂ ናት።

ወንድሜ፣ የጤፉን በሕይወቴ አልረሳውም። ግን አንድ ነገር አስነሣህብኝ። ፖሉ እውነት ከሆነ፣ ብዙ ሰው የሚፈልገው ነገር ለምን ሕግ አይሆንም?

ሕግ ተማሪዋ፦

እህቴ፣ የዚህ መልስና ሦስተኛው ጥያቄሽ አንድ ናቸው።

በ2013 የሆነውን ልንገርሽ። ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ የጦር መሣሪያ ገዢዎች ማንነት በሰፊው እንዲጣራ የሚል ሐሳብ ቀረበ። በጊዜው በወጡ ፖሎች ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል ደግፎታል። ሴኔቱ ውስጥ 54 ለ46 ድምፅ አገኘ። ሆኖም በሴኔቱ አሠራር 60 ስለሚያስፈልግ ወደቀ። የ60ው ደንብ በኋላ የመጣ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። የብዙኃን ስሜት ወዲያው ሕግ እንዳይሆን ማዘግየት ግን ከመሥራቾቹ የመጣ ሐሳብ ነው።

ለምን? ከ1781 ጀምሮ የነበረው ማዕከላዊ መንግሥት ግብር እንኳ መጣል አይችልም ነበር። በ1786 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዕዳ ያስጨነቃቸው ገበሬዎች በዳንኤል ሼይስ እየተመሩ ተነሡ። በማግሥቱ ዓመት 55 ሰዎች ፊላደልፊያ ተሰብስበው ሕገ መንግሥቱን አረቀቁ። ጠንካራ መንግሥት ፈለጉ፣ ጠንካራ መንግሥት ደግሞ ፈሩ። ሕዝቡንም ፈሩ።

ቁጥር 10 የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ማዲሰን «ፋክሽን» የሚለው በአንድ ስሜት ወይም ጥቅም ተሰባስቦ የሌላውን መብት ወይም የጋራውን ጥቅም የሚጎዳ ቡድን ነው። ቡድኑ አናሳም ብዙኃንም ሊሆን ይችላል። ዋናው ምንጩ የሀብት ልዩነት ነው። ቡድኖችን ለማጥፋት ነፃነትን ማጥፋት ይጠይቃል፣ ያ ደግሞ ከበሽታው የከፋ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጉዳታቸውን መግታት ነው ያለው። እንዴት? በወኪሎች የሚተዳደር ሰፊ ሪፐብሊክ በማቆም። አገሩ ሲሰፋ ቡድኑ ይበዛል፣ አንዱ ብቻውን ሁሉን መጫን ይቸግረዋል።

ይህን ይዘሽ መዋቅሩን እዪው። የተወካዮች ምክር ቤት በሕዝብ ቀጥታ፣ ለሁለት ዓመት። ሴኔት ለስድስት ዓመት፣ እስከ 1913 ድረስ የሚመርጡት የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ በመራጮች ኮሌጅ በኩል፣ ማለትም በየግዛቱ በሚመደቡ መራጮች ድምፅ፣ ዛሬ ከ538 ድምፅ 270 ያገኘ። በ2000ም በ2016ም በሕዝብ ድምፅ የበለጠው ዕጩ ፕሬዚዳንት አልሆነም።

ስታነቢው መጀመሪያ ስለ ሰፊ ሪፐብሊክ የሚለውን የመጨረሻ ክፍል አንብቢ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተመለሺ።

ሚኒሶታ፦

ጥሩ ተብራርቷል። ግን ፊላደልፊያ ሲነሣ ባሪያዎቹ መዘለል የለባቸውም። የውክልና መቀመጫ ሲቆጠር አንድ ባሪያ እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው ተቆጥሯል። የደቡብ ግዛቶች በዚህ ተጨማሪ መቀመጫም የፕሬዚዳንት መራጮችም አገኙ፣ ባሪያዎቹ ግን ድምፅ አልነበራቸውም። ያኔ በጸደቀው ሕገ መንግሥት ውስጥ «ባሪያ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለም፤ «ሌሎች ሰዎች» ተብለው ነው የታለፉት። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነበር ያዘንኩት። የማዲሰን «የሌላው መብት» ማንን እንደሚጨምርና ማንን እንደማይጨምር ጻፊ፣ መልስሽን ያጠነክረዋል።

የሌሊት ፈረቃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እረፍት ሰዓቴ ላይ ይህን ጻፍኩ፣ እዩልኝ፦ «ማዲሰን ቡድኖችን ማጥፋት አይቻልም አለ፣ ምክንያቱም ነፃነት እስካለ ሰው በጥቅም ይለያያል። ስለዚህ ሥልጣኑን በሦስት ከፍለው አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አደረጉ።»

ሕግ ተማሪዋ፦

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በጣም ጥሩ ነው። ሁለተኛው ግን ከሌላው የማዲሰን ጽሑፍ፣ ከፌዴራሊስት ቁጥር 51 ነው፣ ከ10 አይደለም። በእሱ ፈንታ የአገሩን ስፋትና ወኪሎችን አስገቢ። አስተካክለሽ ስትጨርሺ መልሰሽ ላኪው፣ ነገ ማታ አየዋለሁ።